ቋሚ ቀለብ ዳኛው በምን ይወስናል? እስከ ዓርብ ፈርሚ ተብያለሁ!

ግራ_የገባት፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የባሌ ጠበቃ ዛሬ የፍቺ ስምምነት ላከልኝ። እስከ ዓርብ ካልፈረምሽ ፍርድ ቤት እንገናኛለን ይላል። የቀለቡ ቦታ ላይ ዜሮ ተጽፏል። እስካሁን በጊዜያዊ ትዕዛዝ በወር 1,400 ዶላር ይሰጠኝ ነበር። ስደውልለት «ትዳራችሁ አጭር ነው፣ ከዚህ በላይ አትጠብቂ» አለኝ። የምን አጭር? 11 ዓመት! ዳኛ ፊት ብንቀርብ 1,400ው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ጠበቃ የለኝም።

ወፍ_ዘራሽ፦
11 ዓመት አጭር ከሆነ የኔ 3 ዓመት ለምን አላልቅ አለኝ? ይቅርታ እህቴ፣ ቁም ነገረኞቹ ይመጣሉ። እስከዚያ ብቻ እስክሪብቶ እንዳትነኪ።

የፒያሳ_ልጅ፦
ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ከፍቺ በኋላ ባል ለሚስት በየወሩ ቀለብ የሚቆርጥበት ሕግ የለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የባልና ሚስት ቀለብ ክሱ እስኪያልቅ ነው። ከዚያ የጋራ ንብረት እኩል ትካፈላላችሁ። ለፍቺው ምክንያት የሆነው እሱ ከሆነ ካሳ ትጠይቂያለሽ። የልጅ ቀለብ ሌላ ጉዳይ ነው።

ብርቱካን_77፦
ወንድሜ፣ ዶላር ብላለች እኮ! ግራ_የገባት፣ የት ስቴት ነው ያለሽው? እንደየስቴቱ ይለያያል።

ግራ_የገባት፦
ውይ ይቅርታ፣ ካሊፎርኒያ ነኝ። የጻፍኩት መስሎኝ ነበር።

አባ_ቁምነገር፦
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር ወይ? ዛሬ ሰው በትንሹም በትልቁም ፍርድ ቤት ነው። ትዳር በጠበቃ አይጠገንም። አይሆንም ካልሽ ግን ማስረጃ ያዢ። ሌላ ሴት ይዞ እንደሆነ ፎቶውን፣ መልእክቱን ሰብስቢ። ዳኛው ያንን ሲያይ እጥፍ ያስከፍለዋል።

ወረቀት_አዘጋጇ፦
አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ካሊፎርኒያ ላይ አይሠራም። ከ1970 ጀምሮ ያለ ጥፋተኛ የሚፋቱበት ስቴት ነው። ሌላ ሴት መያዙ ቀለቡን በአንድ ዶላር አይጨምረውም። ዳኛው የሚያየው ጥፋት የቤት ውስጥ ጥቃት ነው፤ ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ ግዴታ መነገር አለበት።

እህቴ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የቤተሰብ ጠበቃ ቢሮ ወረቀት አዘጋጃለሁ። ጥያቄሽን ልመልስ። 1,400ው ከኮምፒውተር የወጣ ቁጥር ነው። ለጊዜያዊ ትዕዛዝ የሁለታችሁን ገቢ ያስገባሉ፣ ማሽኑ ይተፋዋል። ለቋሚው ግን ዳኛው ያንን ካልኩሌተር ተጠቅሞ መወሰን አይችልም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 4320 ላይ የተዘረዘሩትን ነገሮች መመዘን አለበት። በትዳር ሳላችሁ እንዴት ትኖሩ ነበር? እያንዳንዳችሁ ምን ሠርታችሁ ስንት ታገኛላችሁ? ልጅ ስታሳድጊ ከሥራ ርቀሽ ነበር ወይ? ዕድሜ፣ ጤና፣ ዕዳ፣ ንብረት፣ የእሱ የመክፈል አቅም፣ ሌላም አለ። ስለዚህ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል።

ዋናው ግን ርዝመቱ ነው። ትዳሩ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ «ረጅም» ይባላል። ፍርድ ቤቱ መዝገቡን አይዘጋውም፣ የማብቂያ ቀንም ዝም ብሎ አይቆርጥም። ከ10 በታች ከሆነ ቀለቡ ለሚከፈልበት ጊዜ እንደ መነሻ የሚወሰደው የትዳሩ ግማሽ ዕድሜ ነው። አሁን ንገሪኝ፤ መቼ ተጋባችሁ፣ መቼ ተለያያችሁ? የሚቆጠረው እስከ ፍቺው ሳይሆን እስከተለያያችሁበት ቀን ነው።

ወፍ_ዘራሽ፦
ስለዚህ 10 ዓመት ከሞላ ዕድሜ ልክ ነው? ሰዎች፣ 9 ዓመት ከ11 ወር ላይ ያላችሁ አስቡበት።

ወረቀት_አዘጋጇ፦
ዕድሜ ልክ አላልኩም! መዝገቡ ክፍት ይቆያል ነው ያልኩት። ሁኔታ ሲለወጥ ይቀነሳል፣ ይቆማል። እሷ ካገባች በራሱ ጊዜ ይቆማል። ከሌላ ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖር ከጀመረችም እንዲቀነስለት ሊጠይቅ ይችላል።

ግራ_የገባት፦
የተጋባነው ሴፕቴምበር 2013 ነው። ፍቺ የተጠየቀው ኖቬምበር 2024። እሱ ግን ወረቀቱ ላይ የተለያየንበትን ቀን ሜይ 2023 ብሎ ጽፏል። ያኔ ተጣልተን ልጆቹ ክፍል መተኛት ጀመረ እንጂ ከቤት አልወጣም! የወጣው ኦክቶበር 2024 ነው።

ሐቁን_ተናጋሪ፦
ሁሉም «አትፈርሚ» ይላል። እኔ ልጠይቅ። ጤነኛ ነሽ፣ እጅ እግር አለሽ። ለምንድነው አንድ ሰው ከተፋታ በኋላ ሌላውን የሚጦረው? እኔም ከፍያለሁ፤ ለሁለት ዓመት ደሞዜን ሳላየው ነበር የሚሄደው።

ግራ_የገባት፦
ወንድሜ፣ ያንተን አላውቅም። እኔ አራት ዓመት የአረጋውያን ቤት ሌሊት ሠርቻለሁ። እሱ ቀን ነርሲንግ ይማር ነበር። ጠዋት 7 ሰዓት ተኩል ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርስ ነበር። «እኔ ስጨርስ አንቺ ትገቢያለሽ» ተባብለን ነበር። እሱ ጨረሰ። እኔ የገባሁት ዛሬ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሐቁን_ተናጋሪ፦
እሺ፣ ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን።

ወረቀት_አዘጋጇ፦
ይሄ የሰማይ ስጦታ ነው! አንዱ የትዳር ጓደኛ ለሌላው ትምህርትና ሙያ ያደረገው አስተዋጽኦ እዚያው 4320 ውስጥ አለ። የዚያን ጊዜ ደብሊው ቱዎችሽን (አሠሪሽ በየዓመቱ የሚሰጥሽን የደሞዝና የታክስ ወረቀት)፣ የክፍያ ደረሰኞቹን ፈልጊ።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። እሱ እንዳለው ከሆነ 9 ዓመት ከ8 ወር። እንዳንቺ ከሆነ 11 ዓመት ከ1 ወር። ጨዋታው ገባሽ? ሕጉ «ተለያዩ» የሚለው አንደኛው ትዳሩ አብቅቷል ብሎ ሲገልጽና አኗኗሩም ያንን ሲያሳይ ነው። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ መለያየት ይቻላል፤ ሶፋ ላይ ማደር ብቻውን ግን አይበቃም። ከሜይ 2023 በኋላ አብራችሁ ያደረጋችሁት ምን አለ?

ግራ_የገባት፦
የ2023 ታክስ ኤፕሪል 2024 ላይ አንድ ላይ ነው ያስገባነው። እና ማርች ላይ የላከልኝ መልእክት አለ፤ «ሊዙን ሁለታችን እንፈርም፣ እንደገና እንሞክረው» ይላል። ሳልሰርዘው ቀርቻለሁ።

ብርቱካን_77፦
እልልል! ስክሪንሾት፣ አሁኑኑ። ቀኑና ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ። ለሁለት ሰውም ላኪው፣ ስልክ ይሰበራል።

ወረቀት_አዘጋጇ፦
ደግሞ ልብ በይ፤ የእሱ ቀን ልክ ነው ብንል እንኳ ግማሹ 4 ዓመት ከ10 ወር ነው። ዜሮ ከየት መጣ? ወረቀቱ ላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ የማየት ሥልጣኑ «ተቋርጧል» የሚል ሳጥን ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ እዪ። ያንን ከፈረምሽ ነገ ብትታመሚም ተመልሰሽ መጠየቅ አትችይም። ይሄ ከቁጥሩ ይብሳል።

ፎርም ኤፍ ኤል-150 ላይ ገቢና ወጪሽን ሙዪ፤ የሁለት ወር የደሞዝ ወረቀት አያይዢ። ኤፍ ኤል-157 ደግሞ እነዚያን የ4320 ነጥቦች አንድ በአንድ የምትመልሺበት ነው። ያን የሌሊት ሥራ ታሪክ እዚያ ጻፊው፣ ዓመት ከዓመት።

መንገደኛው፦
ያልተነሳ ነገር፤ ወደ አሜሪካ የመጣሽው በእሱ ስፖንሰርነት ነው? ከሆነ አይ-864 የሚባለውን የድጋፍ ቃል ፈርሟል። ፍቺ አያፈርሰውም። ገቢሽ ከፌዴራሉ የድህነት መስፈርት 125 በመቶ በታች ከሆነ ሊጠየቅበት ይችላል። ዜግነት ካገኘሽ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመት ከተቆጠረልሽ ግን አልቋል።

ግራ_የገባት፦
አዎ በእሱ ነው የመጣሁት። ግን ዜጋ ነኝ፣ 2019 ላይ ማልኩ።

መንገደኛው፦
እንግዲያው እርሺው።

አባ_ቁምነገር፦
ልጄ፣ ሌሊት ትሠሪ እንደነበር ሳነብ ዝም አልኩ። ያልኩትን አንሥቻለሁ። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ እንዳለው አውቃለሁ፤ ለኔም ተሰጥቶኛል። ብቻ ቀደም ብለሽ ጠይቂ፣ አማርኛ የሚችል በየቀኑ አይገኝም።

ብርቱካን_77፦
በየካውንቲው ፍርድ ቤት ውስጥ ሰልፍ ሄልፕ የሚባል ነጻ ቢሮ አለ። ነገ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት በሩ ላይ ቁሚ። አይወክሉሽም፣ ግን ወረቀቱን ያሳዩሻል። ዓርብ ደግሞ የጠበቃው ቀን እንጂ የዳኛው ቀን አይደለም። ከፍርድ ቤት የመጣ የቀጠሮ ወረቀት ካለ ግን እሱን እንዳታልፊ።

ግራ_የገባት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳጥኑን አሁን አየሁት። ምልክት አለበት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ነገ ልሄድ ነው።

ደጉ_ሰው፦
አሁን ገና አየሁት። እህቴ አትፈርሚ። ሰልፍ ሄልፕ የሚባል ቢሮ አለ፣ ነጻ ነው።

ወፍ_ዘራሽ፦
ደጉ_ሰው፣ እንኳን በሰላም መጣህ።

ሳባ_ዳላስ፦
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ፤ ቴክሳስ ነኝ፣ 12 ዓመት በትዳር። የኔም መዝገብ ክፍት ይቆያል ማለት ነው?

ወረቀት_አዘጋጇ፦
ቴክሳስ ሌላ ዓለም ነው፣ እህቴ። እዚያ መጀመሪያ አነስተኛ ፍላጎትሽን እንኳ መሸፈን እንደማትችይ ታሳያለሽ። ከ10 እስከ 20 ዓመት ለቆየ ትዳር ጣሪያው በአብዛኛው 5 ዓመት ነው። መጠኑም በወር ከ5,000 ዶላር ወይም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ፣ ከሚያንሰው አያልፍም። ዝርዝሩን ለብቻው ጠይቂ፣ እዚህ ይደበላለቃል።

ብርቱካን_77፦
ግራ_የገባት፣ ዓርብ አለፈ። ምን ሆነ? ሄድሽ?

ብርቱካን_77፦
እባክሽ አንድ ቃል ጻፊልን።