መኪናዬ ቆማ ባትሪዋን የሚጨርሰውን ነገር ማግኘት አቃተኝ

ሰላም ወገኖች፣ በመኪና ኤሌክትሪክ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። መኪናዬ ለጥቂት ቀናት ሳትነሳ ከቆመች ባትሪው ሞተሩን የማዞር አቅም ያጣል። ባትሪው አዲስ ነው፤ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ 14.2 ስለማነብ የቻርጅ ችግር አይመስለኝም።

የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቼ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በ10 አምፔር መለኪያው ላይ አድርጌ በገመዱና በባትሪው መሃል አስገባሁት። በሩ ክፍት እንደሆነ እንዳይቆጠር የበሩን መቆለፊያ በጠመንጃ መፍቻ ዘግቼዋለሁ፤ የመኪናው ቁልፍም ራቅ ብሎ ተቀምጧል። መጀመሪያ ላይ ንባቡ ከፍ ማለቱ ያለ ነው፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ጊዜ ይወስዳሉ። ነገር ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቄም 0.38 አምፔር ላይ ቆመ። በአብዛኛው መኪና ከ0.05 በታች መውረድ ነበረበት። በዚህ አካሄድ በቀን ወደ 9 አምፔር ሰዓት ይፈሳል ማለት ነው፤ ባትሪው ባይችል አይገርምም።

ከኮፈኑ ሥርም ከዳሽቦርዱ ሥርም ያሉትን ፊውዞች በየተራ ነቀልኩ፤ ንባቡ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ጥርጣሬዬ በትንንሾቹ ፊውዞች የማያልፈው መስመር ላይ ነው፤ በተለይ የአልተርኔተሩ (ባትሪውን የሚሞላው ጄኔሬተር) ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ክፍል።

ጥያቄዬ፦ ባትሪውን ፈትቼ የአልተርኔተሩን ወፍራም ገመድ ከነቀልኩና ጫፉን በደንብ በቴፕ ከሸፈንኩ በኋላ ባትሪውን መልሼ ብለካ ችግር አለው? ወይስ ፊውዝ መንቀሉ ራሱ የተኛውን ኮምፒውተር ቀስቅሶ አሳስቶኝ ይሆን? ፊውዞቹን ሳልነቅል በጀርባቸው ሚሊቮልት ለክቶ በየትኛው ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ ማየት ይሻላል የምትሉ ካላችሁ፣ እንዴት እንደምትሠሩት ንገሩኝ።