ትኩስ ወጥ በፌስታል፦ ይከልከል ወይስ ለየራስ ይተው?

የካዛንቺስ ልጅ፦ እስቲ ተከራከሩኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰፈራችን ውስጥ ዞር ዞር በሉ። ገና የሚፈላ ሽሮ በፌስታል ተቋጥሮ ይሸጣል። ፕላስቲክ ውስጥ ከሚገቡ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ የሆርሞንን ሥራ ያዛባሉ። ሙቀትና ቅባት ሲያገኙ ደግሞ ወደ ምግቡ በብዛት ይወጣሉ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን የከለከለው ለአካባቢ ብክለት ብሎ ነው። እኔ ለጤናም ሲባል ትኩስ ምግብ በማንኛውም ፕላስቲክ እንዳይሸጥ ይከልከል ባይ ነኝ።

ባለ ምሳ ቤቷ፦ አንተ ልጅ፣ ታዲያ በምን ልስጣቸው? በእጃቸው? የወረቀቱ ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። ወጡ ላይ ልጨምር ስል ደግሞ «እትዬ፣ ዛሬ ምነው?» ትሉኛላችሁ።

ጋሼ ከለገሃር፦ የታክሲውን ጭስ ቀኑን ሙሉ እየማጋችሁ ስለ ፌስታል ትጨነቃላችሁ። ድሮም በልተናል፣ ምንም አልሆንንም።

የአራት ኪሎዋ እናት፦ ጋሼ፣ ድሮ እርስዎ ወጥ የሚወስዱት በሳህን ነበር እኮ። ደግሞ ነገሩ ለትልቅ ሰውና ለጽንስ እኩል አይደለም። ሆድ ውስጥ ላለ ልጅ ትንሽ የሆርሞን መዛባትም ብዙ ነው።

ኬሚስቱ፦ ሁሉንም ፕላስቲክ በአንድ አትፈርጁ። ሆርሞን ያዛባል ተብሎ ስሙ የጠፋው ቢፒኤ የሚባለው ኬሚካል ሃይላንድ ለሚሠራበት ፕላስቲክ አያስፈልግም። ያለው ፖሊካርቦኔት በሚባለው ጠንካራና ብርጭቆ መሳይ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ ባለ 20 ሊትር የውሃ ጃር ከሱ ነው የሚሠራው። በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ የውስጥ ቅብ ላይም፣ በካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ላይም ይገኛል። የፌስታል ጣጣው ሌላ ነው። በተለይ ያ ጥቁሩ፣ ከአሮጌ ፕላስቲክ ቀልጦ የተሠራ ከሆነ፣ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል? የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ቢፒኤን ከጡጦ አስወጣ፣ በ2020 በደረሰኝ ወረቀት ላይ ገደበው፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከምግብ ዕቃዎች እንዲወጣ ወሰነ። እኛም መነጠል አለብን፤ ሁሉን ካስፈራራን ሰው ምንም አይሰማም።

የአራት ኪሎዋ እናት፦ መነጠሉስ የማን ሥራ ነው? ምክር ሁሉ እናት ላይ ይቆለላል። ጡጦው የመስታወት ይሁን፣ ሳሙናው ሽቶ አይኑረው፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ፕላስቲክ አታስገቢ። የቻልኩትን አደርጋለሁ። ዕቃው ላይ ከምን እንደተሠራ ካልተጻፈ ግን በምን ልለይ?

የፒያሳዋ ካሸር፦ እናንተ ስለ ወጥ ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ደረሰኝ ስቆርጥ ነው የምውለው። እጄን ሳኒታይዘር ወይ ሎሽን ከተቀባሁ ኬሚካሉ ይበልጥ በቆዳዬ ይገባል። አልቆርጥም ብል ደግሞ ቅጣት አለ። «ለየራስ ይተው» የምትሉት የኔ ምርጫ የቱ ጋ ነው?

ኬሚስቱ፦ እውነትሽን ነው። ቢፒኤ የሌለው ወረቀት አለ። ግን ብዙ ጊዜ ቢፒኤስ የሚባል ዘመዱ ይተካበታል፤ እሱም ከጥርጣሬ አልዳነም። ለጊዜው ደረቅ እጅና ጓንት ይሻላል።

ባለ ምሳ ቤቷ፦ እሺ፣ ምሳ ዕቃ ይዞ ለመጣ አንድ ጭልፋ እጨምራለሁ። ፌስታል ያለ ግን ወጡ እስኪበርድ ይጠብቅ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ እትዬ፣ ይባረኩ። ግን ጎረቤትዎ ትኩሱን ሲያንቆረቁር ደንበኛው ወደ እሱ ይሄዳል። ሕግ የምለው ለዚህ ነው።

የፒያሳዋ ካሸር፦ ሕግ ካላችሁ ደረሰኙንም አስገቡበት።