የማሳ ገል ይለቀም ወይስ ባለበት ይቆይ?

ለክርክር የቀረበው፦ ማረሻ ገልብጦ የሚያወጣውን የጥንት ገል ተማሪዎች ለቅመው ትምህርት ቤት ያኑሩት ወይስ አጥኚ እስኪመጣ አይነካ?

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ ይለቀም። የጤፍ መሬት በዓመት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ በየእርሻው ገሉ ይደቃል። አጥኚ እንጠብቅ ካልን የሚተርፈን ዱቄት ነው። ልጆቻችን የጎጃም እርሻ ከመቼ ጀመረ ብለው ሲጠይቁ እናሳያቸው።

የታሪክ ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦ መምህር፣ መድቀቁስ ይደቃል። ግን ገል ስለተገኘ ብቻ እርሻ ነበር አይባልም። በቻይና ሺያንረንዶንግ ዋሻ የተገኘው ሸክላ 20,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ የሠሩት አዳኞችና ለቃሚዎች ናቸው። ኢያሪኮ ላይ ደግሞ ሰው ያለ ሸክላ ከሺህ ዓመት በላይ አርሶ በልቷል። ስለዚህ የሚመሰክረው ገሉ የያዘው ነገር ነው። በምሥራቅ ሱዳን፣ ከሰላ አጠገብ በወጣ ገል ላይ የማሽላ እብቅ አሻራ ተገኝቷል። እብቁ ጭቃው ሲቦካ ገብቶ፣ ሲተኮስ ተቃጥሎ፣ ቅርጹ ቀረ። ከ5,000 ዓመት በፊት ማሽላ ከዱር ሣርነት ወደ እርሻ ሰብልነት መለወጥ እንደጀመረ የታወቀው ከዚያ ነው። ገሉ የተቆፈረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን ውጤቱ የታተመው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ የጠቀመው ከየት እንደወጣ ስለተጻፈ ነው። የእኛ ልጆች በከረጢት ሰብስበው በሳሙና ካጠቡትስ? ሸክላው የመጠጠውን ስብ ለሚመረምር ሰው ሳሙናውም የእጅ ቅባቱም ያሳስተዋል። በሊቢያ ሰሐራ ከ7,000 ዓመት በፊት ወተት በሸክላ ይዘጋጅ እንደነበር የታወቀው በዚሁ ስብ ነው።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ፍኖተ ሰላም፦ ስለ ገል ስታወሩ ሸክላ ሠሪዋን የጠራ የለም። እናቴ ከአፉ ብቻ እንስራ ይሁን ጋን ትለያለች፤ ጥላሸቱን አይታ እሳት ላይ የዋለ መሆኑን ትነግራችኋለች። በገበያ ቡዳ እየተባለች የኖረች ሴት ናት። የሞተውን ሸክላ በክብር ልታስቀምጡ፣ የምትሠራውን ልትሰድቡ? ለቀማው ካለ እሷም ትኑርበት፤ ተከፍሏት።

መምህር፦ እህቴ፣ ይሁን፤ ለክፍያውም እኔ እከራከራለሁ። ተማሪው ላለው ደግሞ፦ አይታጠብ፣ እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ የማሳው ስምና ቀኑ ይጻፍበት፣ ፎቶ ይነሣ። ዝም ብሎ መተው ግን አልቀበልም።

የታሪክ ተማሪ፦ ላዩ ላይ ያለው እንደዚያ ቢሆን እስማማለሁ። መቆፈር ግን በፍጹም። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ መጀመሪያ ለወረዳው ባህል ቢሮ ይነገር።

የገበሬ ልጅ፣ ደምበጫ፦ ሁላችሁም ስለ ገሉ ነው የምታወሩት። አባቴ ገል ሲያገኝ ወደ ድንበሩ ይወረውረዋል፤ የሚፈራው መሬቱን እንዳያጥሩበት ነው። ያለን መሬት ያቺው ናት። ቁፋሮው አንድ መኸር ቢያስተጓጉል ካሳውን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቅረብልን። ያኔ ገሉን ራሱ ይዞላችሁ ይመጣል።