ጥቆማ፦ ለጡት አልትራሳውንድ ማርቆስ ይሻላል ባሕር ዳር?

የፍኖተ ሰላም ልጅ፦ ሰላም ያገሬ ልጆች። እህቴ 22 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ ሲነኩት የሚሸሽ፣ የማያም ትንሽ እብጠት ወጥቶባታል። ጤና ጣቢያ "አልትራሳውንድ ታዪ" አሏት። ጡት በደንብ የሚያዩበት ቦታ ጠቁሙኝ።

ዳሞቴ፦ ማርቆስ፣ መናኸሪያው ጀርባ ያለው ክሊኒክ። ልጆቻችንን ሁሉ እዚያ ነው ያየናቸው፤ ወንድ ነው አሉን፣ ወንድ ሆነ። ሌላ ቦታ አትልፋ።

የማርቆሷ፦ እንዴ! ልጁ የእብጠቱን ጾታ አልጠየቀም እኮ።

ዳሞቴ፦ ማሽኑ ያው ነው።

ጣና ዳር፦ የግል ክሊኒክ ሄጄ (ስሙን አልጠራም) "እብጠት አለ" ብለው ጽፈው ሸኙኝ። እሱንማ በእጄም አውቄዋለሁ! መጠኑ የለ፣ ቦታው የለ። ሐኪሟ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ድጋሚ ታየሁ፣ ድጋሚ ከፈልኩ።

ቡሬ፦ የቱ ነው? በውስጥ መስመር ንገሪኝ።

አዴት፦ እኔንም ለኩላሊት እንደዚሁ ነው ያደረጉኝ። ሰው የሚያቃጥሉ!

እናት ዓለም፦ መጀመሪያ ጸበል ትጠመቅ።

የማርቆሷ፦ ትጠመቅ፣ ግን ትታይም።

የራጅ ክፍል፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ለእርግዝና የሚያገለግለው ቆልማማው ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያስኬዱት የማሽኑ እጀታ) ለጡት አይሆንም፤ ጠፍጣፋው፣ ሊኒየር የሚባለው ያስፈልጋል። ደውለህ እሱን ጠይቅ። እብጠቱ ሞላላ፣ ጠርዙ ልሙጥ፣ ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ ነው፤ በእሷ ዕድሜ የተለመደ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ። ውስጡ ጥቁር ሆኖ ከሥሩ ነጣ ብሎ ከታየ ውሃ የቋጠረ ነው። ውጤቱ ላይ ባይራድስ የሚል፣ እብጠቱ ምን ያህል እንደሚያሠጋ የሚናገር ቁጥር ይጻፍላት፦ 2 ጉዳት የሌለው፤ 3 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ የማይበልጥ፣ በ6 ወር ድጋሚ የሚታይ፤ 4 ከሆነ ናሙና ይወሰዳል። ለናሙናው ባሕር ዳር ካሉት ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ብትሆን መመላለሱ ይቀንስላታል።

የፍኖተ ሰላም ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ማሞግራምስ፣ የጡት ራጁ?

የራጅ ክፍል፦ በዚህ ዕድሜ ጡት ድፍን ስለሆነ ማሞግራም ላይ እብጠቱ ሊደበቅ ይችላል። አልትራሳውንዱ ይቅደም።

ዳሞቴ፦ እኔ አሁንም መናኸሪያው ጀርባ ነው የምለው።

የማርቆሷ፦ ኮሚሽን አለህ እንዴ?

አዴት፦ መናኸሪያ ካላችሁ አይቀር፣ ከማርቆስ ባሕር ዳር የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?