አዲስ የገዛሁት አሮጌ ኮሮላ፦ ዓባይ በረሃን ከመሻገሬ በፊት ምን ላስጠግን?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)
የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራ፣ ባለ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተርና ባለ እጅ ማርሽ ኮሮላ በቅርቡ ገዝቻለሁ። የቀድሞው ባለቤት የጥገና መዝገብ አልያዙም፤ ዘይቱ ጠቁሯል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለውም ዝገት የተቀላቀለበት ተራ ውኃ ነው። ከተማ ውስጥ ደህና ነው፤ ከጢስ ዓባይ ስመለስ ግን የሙቀት መለኪያው ከመካከል አለፈ። በደጀን በኩል አዲስ አበባ ልሄድ ስላሰብኩ፣ ባለኝ ውስን ገንዘብ የቱን ላስቀድም? ካንዴላና ባትሪ ቀይር የሚሉኝ አሉ።

መልስ 1
ጤና ይስጥልኝ። ካንዴላው ይቆይ። ዘይትና ፊልትሮ መቀየር የማይቀር ስለሆነ አንከራከርበትም፤ ዋናውን ገንዘብ ግን ማቀዝቀዣው ላይ ያውሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ተራ ውኃ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖም ይፈላልና፣ ከሁሉ ርካሽ ከሆነው ከክዳኑ ይጀምሩ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን እንዳይከፍቱት። ቀጥሎ ራዲያተሩ ይታጠብ፣ ቱቦዎቹ ይታዩ፣ ኩላንትም (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይሞላ። ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የውኃውን ዝውውር የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ) በቦታው መኖሩንም ያረጋግጡ፤ «አገሩ ሞቃት ነው» ብለው አውልቀው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ፤ ያለ እሱ ግን ሞተሩ ማለዳ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚንም ይበላል።

መልስ 2
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የዚህ ሞተር ታይሚንግ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥመው) በቺንጊያ (በጎማ ቀበቶ) እንጂ በሰንሰለት አለመሆኑን አይርሱ። መዝገብ ከሌለ ጊዜው እንዳለፈ ቆጥሮ መቀየር ይሻላል። ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር አይጋጩም፤ መኪናው ግን ባለበት ይቆማል፣ በረሃው መካከል ደግሞ ጋራዥ የለም።

መልስ 3
ፍሬኑን ማንም አላነሳውም። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ረጅም ቁልቁለት የሚፈትነው ፍሬንን ነው፤ ማቀዝቀዣው የሚፈተነው ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ሲያረጅ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ፣ ሸራዎቹን ያስመርምሩ፣ ሲወርዱም ፍሬን ላይ ተንጠልጥለው ሳይሆን በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ይውረዱ።

መልስ 1 (ተጨማሪ)
ይህ ሁሉ ተሠርቶ ውኃው ሳይፈስ ከጎደለ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ጉዞውን ያዘግዩት።