ወደ ቪዲዮ ጌም ሙያ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሶፍትዌር ምህንድስና ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ልቤ ያለው ግን ጌም ላይ ነው። ለውጭ አገር ስቱዲዮዎች ባመለከትሁ ቁጥር የተጠናቀቀ ጌም እንዳሳያቸው ስለሚጠይቁኝ፣ ያለ ሥራ ልምድ፣ ያለ ልምድም ሥራ የማይገኝበት አዙሪት ውስጥ ገብቻለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የጠየቁህ የቅጥር ታሪክ ሳይሆን ያለቀ ሥራ ስለሆነ መፍትሔው በእጅህ ነው። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ነፃና ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) ነው፤ ሥዕሉን የምትሠራበት ብሌንደር የተባለው ፕሮግራምም ክፍያ አይጠይቅም። እንደ ገበጣ ያለ ሕጉ የታወቀ ጨዋታ ምረጥና ከመክፈቻው ገጽ እስከ ድምፁ ድረስ ጨርሰው፤ ኮምፒውተሩ ተጋጣሚ ሆኖ የጠጠሮቹን አካሄድ አስቀድሞ አስልቶ እንዲጫወት ማድረግህ ብቻ፣ ቀጣሪው ሊያየው የሚፈልገውን የፕሮግራም ችሎታ በሚገባ ያሳይልሃል። ትልቅ ዓለም ያለው ጌም አትጀምር፤ አይጨረስም (እኔም ሁለት ጀምሬ ትቻለሁ)። በየዓመቱ ጥር ላይ በሚካሄደውና በጥቂት ቀናት ውስጥ በቡድን ጌም በሚሠራበት ግሎባል ጌም ጃም ብትሳተፍ ደግሞ ከሠዓሊዎችና ከድምፅ ባለሙያዎች ጋር መሥራትን ትለምዳለህ።

መልስ 2፦ በማሳተሙ ላይ ልጨምር። ጎግል ፕሌይ ለምዝገባ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላሉ፤ የስቲሙ ክፍያ የሚመለሰው ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲደርስ ነው። ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚያስቸግረው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነውና አስቀድመህ ባንክህን ጠይቅ።

መልስ 3፦ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ታላላቅ ስቱዲዮዎች በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን ስላሰናበቱ፣ ለጀማሪ ቦታ የምትወዳደረው ልምድ ካላቸው ጋር ነው። የአሁኑን ሥራህን አትልቀቅ።