የአፍሪካ ቀንድን ለማጥናት፦ ስድስት ኪሎ፣ ሃምቡርግ፣ ለንደን ወይስ ላይደን?

ሰላም ለሁላችሁ። «የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ፣ ማስተርሴን በአፍሪካ ቀንድ ጥናት መሥራት እፈልጋለሁ፣ የት ልግባ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ስለሚመጣልኝ እዚሁ ልመልሰው። ጠያቂው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ልታጠኑት ያሰባችሁት ነገር ሰነዱ የት ተቀመጠ? በምን ቋንቋስ ተጻፈ? እሱ ከታወቀ ምርጫው በጣም ይጠባል።

ከቤታችን እንጀምር። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተመሠረተው በ1963 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የመጀመሪያው ዳይሬክተር እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። አብዛኛው ጎብኚ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ያያል፣ ውጭ ቆሞ የቀረውን የጣሊያን ደረጃ ፎቶ ያነሳና ይሄዳል። ያ ደረጃ እርከኖቹ የሙሶሎኒን የሥልጣን ዘመን እንዲቆጥሩ ተብሎ የተሠራ ነው። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። በደንብ ተበቅለናል።

ለተመራማሪ ግን ሀብቱ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። ብራናውም፣ የቆየው መጽሔትም አለ። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው የታሪክ ተማሪዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት የጻፏቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች ነው። በታይፕ የተመቱ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ ሲያዩዋቸው ምንም የማይመስሉ ናቸው። መጨረሻ ገጻቸውን ግለጡት። የመረጃ ሰጪ ሽማግሌዎች ዝርዝር ታገኛላችሁ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለ አንድ ወረዳ የመሬት ሥሪት ወይም ስለ አንድ ገበያ አመሠራረት የነገሩት ለንደንም ሃምቡርግም አይገኝም።

ችግሩስ? የትብብር ደብዳቤ ሳትይዙ አትሂዱ። ከትምህርት ክፍላችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሌላችሁ በየትኛውም የአገራችን መዝገብ ቤት ደጅ መጥናታችሁ አይቀርም። ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ስትሄዱ እንደዚያው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ደግሞ መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ አለ። የምትፈልጉት የዛሬውን ፖለቲካ፣ ድንበርና ግጭት ከሆነ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2007 የተቋቋመው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ይሻላችኋል። የአፍሪካ ኅብረት ከተማችን ውስጥ መሆኑ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። የምታጠኑት ዲፕሎማት በታክሲ ይደረሳል።

ወደ ውጭ ስንወጣ፣ ግዕዝና ብራና ለሚል ሰው ያለ ምንም ማመንታት ሃምቡርግ እላለሁ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል የተሰየመው በሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስ ከሚባሉ ከአምሐራ ከመጡ መነኩሴ ጋር ተገናኝቶ ስለ አገራችን የተማረ ጀርመናዊ ነው። በነገራችን ላይ ማዕከሉ በአባ ጎርጎርዮስ ስም ቢጠራ ቅር አይለኝም ነበር፤ አስተማሪው እሳቸው ናቸውና። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም የተዘጋጀው እዚሁ ነው። የትኛውንም ርዕስ ስትጀምሩ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ።

ሃምቡርግ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ በየሴሚስተሩ የምትከፍሏት መዋጮ ናት። ወገብ የሚቆርጠው ሌላ ነው። ለቪዛ ብሎክድ አካውንት ያስፈልጋል፣ ማለትም የመኖሪያ ወጪያችሁ አስቀድሞ ገብቶ በየወሩ ብቻ የሚለቀቅላችሁ የባንክ ሂሳብ፤ በ2024 መገባደጃ ላይ በዓመት 11,904 ዩሮ ነበር። በብር አስሉትና ቁጭ በሉ። ዳድ (DAAD) የሚባለውን የጀርመን ስኮላርሺፕ ያገኘ ከዚህ ጣጣ ይድናል። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ይሁን በጀርመንኛ ሳታረጋግጡ ግን ፎርም አትሙሉ።

ለንደን፣ ሶአስ። በ1916 የተቋቋመ፣ አፍሪካን፣ እስያንና መካከለኛው ምሥራቅን ብቻ ይዞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ጥራዝ አለው። ቀንዱን ከየመን፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር አያይዞ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ዋጋው ግን ቀልድ አይደለም፤ ከአገር ውጭ ለሚመጣ ማስተርሱ በዓመት ከ20 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ከኪስ ለመክፈል አታስቡት። የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነውን ቼቭኒንግ ሞክሩ፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው።

ላይደን ስሙ ብዙም አይነሳም፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የአፍሪካ ጥናት ማዕከሉ በ1947 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከ2016 ጀምሮ የላይደን ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። የአንድ ዓመት ማስተርስም፣ የሁለት ዓመት የምርምር ማስተርስም ሲሰጥ ቆይቷል። ዶክትሬት የሚያስብ ሰው የሁለት ዓመቱን ይያዝ። ቤተ መጻሕፍቱ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ሆላንድና ቤልጂየም ያላችሁ ተማሪ ባትሆኑም ጎራ በሉ።

ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ፦ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በአፍሪካ ጥናት የዶክትሬት ትምህርት የሚሰጥ የቆየ ትምህርት ክፍል አለው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣችኋል፤ የአፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍሉ የአማርኛ መጻሕፍት አሉት። ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ትደርሳላችሁ፣ ሰበብ የለም።

ገንዘቡም ቪዛውም ገና ነው የምትሉ በስልካችሁ ጀምሩ። ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይዟል። ብዙዎቹን መርምረው ካታሎግ ያዘጋጁላቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በነጻ ተመዝግባችሁ ኢንተርኔት ላይ ታነባላችሁ። ከ1955 ጀምሮ የሚወጣው የፈረንሳዮቹ አናል ዴትዮፒ መጽሔትም የቆዩ እትሞቹ በነጻ አሉ። ፈረንሳይኛ ባትችሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጽሑፎች ታገኙበታላችሁ።

ማመልከቻ ከመላካችሁ በፊት ሊያማክራችሁ የሚችል አንድ መምህር ፈልጉና ኢሜይል ጻፉለት። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ምን ልታጠኑ እንዳሰባችሁ፣ ሰነዱ የት እንዳለ፣ የትኞቹን ቋንቋዎች እንደምታነቡ። አፋርኛ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የምትችሉ ይህንን ከላይ ጻፉት፣ ታች አትቅበሩት። ቼቭኒንግ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ስለሚከፈት፣ ለዚያ የምታስቡ የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሰዎች ከአሁኑ ያዙ።